የሐይቅ ዳር ቤት ወይስ የገበሬ ማሳ? ከውጭ አገር ለጻፉልን ጠያቂ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ ከ27 ዓመት በላይ በውጭ አገር ሠርቼ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቀሪ ዘመኔን በባቱ (ዝዋይ) ከተማ አጠገብ፣ በደንበል ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ ይዤ ዓሣ እያጠመድኩ በሰላም ማሳለፍ እፈልጋለሁ። አንድ የታመነ ሰው ሩብ ሄክታር ቦታ ከነቤቱ አግኝቶልኛል። ሻጩ ለዓመታት ሽንኩርት ሲያለማበት የኖረ ነው፤ ወረቀት አለው፣ ግብሩንም በየዓመቱ ለቀበሌው ከፍሏል። ቦታው እስከ ውኃው ድረስ ይዘልቃል። ውሉ በሦስት የአገር ሽማግሌዎች ፊት ይፈረማል፣ ሻጩም ሙሉ ውክልና ይሰጠኛል፤ ለጥንቃቄ ደግሞ የብድር ውል እንፈራረማለን። ቀሪውን ክፍያ በጥር ወር ለመፈጸም ተስማምተናል። የስም ማዛወሪያ ክፍያው ስንት ነው? አጥሬን እስከ ውኃው ድረስ ማድረስ እችላለሁ? ጀልባ ለማኖርና ዓሣ ለማጥመድስ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሦስቱም ጥያቄዎችዎ ተገቢ ናቸው፤ ሦስቱንም እመልሳለሁ። ይሁንና ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ያሳሰበኝ ያልጠየቁኝ ነገር ነው። ስለ ስም ማዛወሪያ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ስሙ በመዝገብ ላይ እንደሚሰፍር አምኖ ነው የሚጠይቀው። እርስዎ ከገለጹልኝ ሁኔታ እንደምረዳው ግን ስምዎ የሚሰፍርበት መዝገብ ጭራሽ የለም። ስለዚህ መልሴ ከጥያቄዎ ቅደም ተከተል ቢወጣ፣ አንዳንድ ቦታም እንደ ወቀሳ ቢሰማዎ፣ ገንዘብዎ ገና ሙሉ በሙሉ ከእጅዎ ሳይወጣ መናገሩ ይሻላል ብዬ መሆኑን ይረዱልኝ። አንድም ሰነድ ሳላይ በደብዳቤዎ ላይ ብቻ ተመሥርቼ የምጽፈው መሆኑንም ከወዲሁ ልብ ይበሉ፤ ሰነዶቹን በዓይኑ የሚያይ ጠበቃ ሳያማክሩ ምንም ነገር እንዳይፈርሙ።

በመጀመሪያ የየት አገር ፓስፖርት እንደያዙ አልነገሩኝም። ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርህ ደረጃ ይከለክል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ግን ለውጭ ዜጎች በገደብ ተፈቅዷል። ይህ ክልከላ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተነሣው ከዚያ ቀደም ብሎ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ መብቱም የሚሠራው በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ለያዘ ሰው ነው። ካርዱ ካለዎት፣ ጊዜውም ካላለፈበት፣ በከተማ ውስጥ ቤት የመግዛት በር ክፍት ነው። ከሌለዎት ከሁሉ በፊት እሱን ያውጡ። ካርዱ ለጊዜው ስለሌለ ቤቱን በእህት ወይም በወንድም ልጅ ስም ላስገዛ የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነም ይተዉት፤ በሕግ ፊት ባለቤቱ በመዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ የዘመድ ፍቅር ደግሞ ውርስ እስኪመጣ ድረስ ብቻ የሚጸናባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ስለ ትዳርዎም አንድ ቃል አልጻፉም። በትዳር ውስጥ ሆነው ባፈሩት ገንዘብ የሚገዛ ቤት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ባለቤትዎ ይህን ግዢ ያውቃሉ? ይስማማሉ? የትዳር ሁኔታዎን የሚያሳይ ማስረጃስ ከሚኖሩበት አገር ተረጋግጦ መጥቷል? ይህንኑ ጥያቄ ስለ ሻጩም እጠይቃለሁ፤ ስለ ሻጩ ሚስት በደብዳቤዎ ውስጥ ምንም የለምና። በኦሮሚያ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ ባልና ሚስት በጋራ ይመዘገባሉ፤ ባል ብቻውን የፈረመው ወረቀት ነገ ሚስት ፍርድ ቤት በቀረበች ቀን የሚጠፋ ወረቀት ነው።

ቀሪውን ክፍያ በጥር ለመፈጸም ተስማምተናል ብለዋል። እንግዲያው የመጀመሪያው ክፍያ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማን እንደተከፈለ፣ በባንክ ይሁን በእጅ ግን አልጻፉም። ወደዚህ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቦታው የከተማ ይዞታ ነው ወይስ የገጠር? ብዬ ብጠይቅዎ ምናልባት ከከተማው አጠገብ ነው የሚል መልስ ይሰጡኝ ይሆናል። ሕጉ ግን አጠገብ የሚባል ይዞታ አያውቅም። ራስዎ የሰጡኝን ፍንጮች ልደርድርልዎ። ስፋቱን በሄክታር ነገሩኝ፤ የከተማ ቦታ የሚለካው በካሬ ሜትር ነው። ሽንኩርት ይለማበት ነበር አሉኝ። ግብሩ ለቀበሌ በየዓመቱ ይከፈል ነበር አሉኝ፤ ይህ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ይመስላል። ወረቀት አለው ያሉኝም ካርታ ሳይሆን የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚነግሩኝ ለእርስዎ እየተሸጠ ያለው የገበሬ ማሳ መሆኑን ነው። የማሳ ሽያጭ ደግሞ በሕግ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ በግልጽ ደንግጓል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ይህ መብት ሰፊ ነው፣ ለቤተሰቡ ይወረሳል፣ በገደብ ይከራያል፤ አይሸጥም።

በባቱ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በመሳሰሉት የሐይቅ ዳር ከተሞች ዙሪያ ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይኸው ነው። የሚገርመው ደግሞ አብዛኞቹ የሚወድቁት ሕጉን ስለማያውቁ አይደለም። መሬት እንደማይሸጥ በኢትዮጵያ የማያውቅ ሰው የለም። የሚወድቁት ደላላው ለሕጉ መሻገሪያ አዘጋጅቻለሁ ስለሚላቸውና መሻገሪያው በወረቀት ብዛት ስለሚታጀብ ነው። አንድ ወረቀት ያስፈራል፤ አራት ወረቀት ሲሆን ግን ሰው ይረጋጋል። እርስዎም የሽማግሌ ውል፣ ውክልና፣ የብድር ውል እያሉ ሲዘረዝሩ መረጋጋትዎ ከአጻጻፍዎ ይታወቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት ችግር በሚመጣበት ቀን ምን እንደሚያደርግልዎ አንድ በአንድ እንየው።

በሽማግሌዎች ፊት የሚፈረመው ውል በሁለት ምክንያት አይጸናም። አንደኛው የፎርም ጉዳይ ነው፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ገዢ ውሳኔ ይህንኑ አጽንቶታል። ሽማግሌዎቹ የተከበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የማዋዋል ሥልጣን ግን የላቸውም። ሁለተኛውና የባሰው የውሉ ጉዳይ ራሱ ሕገ ወጥ መሆኑ ነው። የፎርም ጉድለት ቢሆን ኖሮ ሻጩ ውሉን ካመነ መፍትሔ ይፈለግ ነበር ሊባል ይችላል፤ ሕግ የከለከለውን ነገር የሚሸጥ ውል ግን ሻጩ ቢያምን፣ ሽማግሌዎቹ ቢመሰክሩ፣ መንደሩ በሙሉ ቢያጨበጭብ ሕጋዊ አይሆንም። በዕድሜ ብዛትም ይጸናል ብለው እንዳይተማመኑ፤ ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ የሚመነጭ ነውና ዓመት በማስቆጠር የሚያልፍ አይደለም።

ውክልናውስ? ውክልና ወካዩ ያለውን መብት በወካዩ ስም እንዲሠሩበት የሚሰጥ ሥልጣን እንጂ የባለቤትነት ማስተላለፊያ አይደለም። ሻጩ መሬቱን መሸጥ ካልቻለ በውክልናው እርስዎም መሸጥ ወይም ወደ ራስዎ ማዛወር አይችሉም። ከዚህም በላይ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል። ሙሉ ውክልና የሚለው አጠራር ብዙዎችን ያሳስታል። አንድ ገበሬ ሞቶ ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ሲመጡ፣ የሟችን ውክልና ይዞ የሚከራከር ገዢ በችሎት ፊት የሚቆምበት መሠረት የለውም።

የብድር ውሉን ለጥንቃቄ ነው ብለውኛል። ከወረቀቶቹ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዓላማው ግልጽ ነው፦ ሻጩ መሬቱን ካልለቀቀ ገንዘቤን በብድር ስም እጠይቀዋለሁ የሚል ነው። በመጀመሪያ፣ ያላበደሩትን ገንዘብ አበድሬያለሁ ብለው ከፈረሙ በኋላ ይህንኑ በፍርድ ቤት ሊምሉበት ነው ማለት ነው፤ ይህን ምክር የሰጠዎት ሰው በእርስዎ ቦታ ሆኖ አይምልም። ሁለተኛ፣ ሻጩ ውሉ ለይስሙላ የተደረገ መሆኑን፣ እውነተኛው ጉዳይ የመሬት ሽያጭ መሆኑን በማስረጃ ካሳየ የብድር ክሱ ራሱ ይናጋል። ሦስተኛ፣ ሁሉም ተሳክቶልዎ ቢረቱ እንኳ የሚያገኙት ቦታውን ሳይሆን በውሉ ላይ የተጻፈውን ብር ነው፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ ሕጉ የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን እንዳጣ ያስታውሱ። በውጭ ምንዛሪ አጠራቅመው፣ ወደ ብር ለውጠው፣ በብር ከፍለው፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ ያንኑ ብር ቢያስመልሱ ምን እንደሚተርፍዎ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያሰሉታል።

ቦታውን ያገኘልዎት ሰው፣ ማለትም ደላላው፣ እስካሁን ያላነሣልዎት ነገር ግን በቅርቡ የሚያነሣልዎት ሌላ መሻገሪያም አለ። መሬቱን ሳይሆን ቤቱን ነው የምትገዛው ይልዎታል። ይህ አባባል የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ያውቃል፤ በከተማ ቤት የሚሸጠውም በዚሁ መሠረት ነው። ነገር ግን በሽንኩርት ማሳ መካከል የቆመች የጭቃ ቤት በአንድ ጎጆ ዋጋ ሳይሆን በሩብ ሄክታር የሐይቅ ዳር ቦታ ዋጋ ስትሸጥ፣ ዳኛው የሚያየው የተከፈለውን ገንዘብና የተላለፈውን ነገር ነው። ቤቲቱ ሽፋን መሆኗን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም።

ከተማው በቅርቡ ቦታው ላይ ይደርሳል፣ ያን ጊዜ ካርታ ይወጣልዎታል የሚልም አይጠፋም። ከተማው ሊደርስ ይችላል፤ ባቱ እያደገች ያለች ከተማ ናት። ሲደርስ የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳውና ምትኩ የሚሰጠው በመዝገብ የታወቀው ባለይዞታ ነው። እሱም ገበሬው ነው። የግንባታ ፈቃድ ሳይኖርዎት በማሳው ላይ ያቆሙት ቪላ ደግሞ በልማድ የጨረቃ ቤት የምንለው ነው፤ የመፍረሻ ትእዛዝ ሲመጣ ለካሳ የሚቆጥረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ማከራየትስ ይቻላል? አዎን፣ በገደብ ይቻላል። በክልሉ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 130 ገበሬው ከይዞታው ከእኩሌታ ያልበለጠውን እንዲያከራይ ፈቅዶ፣ ዘመኑን በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ 3 ዓመት፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ለሚጠቀም እስከ 15 ዓመት ወስኖ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ስላለ፣ ዛሬ የሚሠራበትን ገደብ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳያረጋግጡ በድሮው ላይ አይደገፉ። ያም ሆነ ይህ ኪራዩ የቤተሰቡ ስምምነት ያለበትና በጽሕፈት ቤቱ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የሚከራየውም ለእርሻ ነው። ሽንኩርት ለማልማት ካላሰቡ፣ ለጡረታ መኖሪያ የሚሆን መብት ከዚያ ውስጥ አይወጣም። 99 ዓመት ተከራይቻለሁ የሚል ወረቀት ካሳዩዎት ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ለጠበቃዎ ያሳዩ እንጂ አይፈርሙበት።

ይህን ሁሉ ያረዘምኩት ደንበኞቼ ጉዳዩን ይዘው የሚመጡት ሁልጊዜ ዘግይተው ስለሆነ ነው። የሚመጡት ገበሬው በሕይወት እያለ፣ ዋጋው ሳይንር፣ ጎረቤት ሳይጣላ አይደለም። የሚመጡት ልጆቹ አድገው፣ የአካባቢው ዋጋ ተወድዶ፣ አባታችን በማይገባ ዋጋ ተታሎ ማሳችንን አጣን የሚል ክስ ሲደርሳቸው ነው። ልጆቹም በሕግ ተሳስተዋል ለማለት አልችልም፤ ሕጉ የተጻፈው ለእነሱ ነው። ገዢው ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን፣ ከሕጉ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አምኖ ነው እዚያ የደረሰው። ይህን ያገኘልዎት የታመነ ሰው ኮሚሽኑን ከማን እንደሚቀበልና መቼ እንደሚቀበል ዛሬውኑ ይጠይቁት፤ መልሱ ጥር ላይ ነው ከሆነ ለምን ጥር እንደተቸኮለ ይገባዎታል።

እንግዲህ ሐይቅ ዳር መኖር አይቻልም ማለቴ አይደለም። በባቱ ከተማ ክልል ውስጥ ካርታ ያለው ቤት መግዛት ይቻላል። አካሄዱ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ልበል። የሻጩን ካርታ ቅጂ ይዘው ራስዎ ወይም ጠበቃዎ በከተማው አስተዳደር የመሬት ጽሕፈት ቤት ከማኅደሩ ጋር ያስመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቤቱ በካርታው ላይ ካለው ልክ ጋር መግጠሙን በቦታው ያስለኩ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት አብረው ቀርበው ይፈርሙ፤ ያላገባ ወይም የፈታ ከሆነ ማስረጃውን ያቅርብ፤ የወረሰ ከሆነ የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት ይኑር። ውሉ ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት ፊት ይደረግ፤ ክፍያው በባንክ ይለፍ፤ ስምዎም በመዝገብ ይዛወር። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ፣ ማለትም ወደ ሊዝ ሥርዓት ያልገባ የቆየ ይዞታ፣ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ተደንግጎ ስለነበር፣ ቤቱ ነባር ይዞታ ከሆነ የሊዙን ዋጋና አከፋፈል በቅድሚያ በጽሑፍ ያስነግሩ፤ ሕጉ በሚፈርሙበት ቀን በምን መልክ እንደሚሠራም ያጣሩ። መምጣት ካልቻሉ ለሚያምኑት ሰው የሚሰጡት ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተረጋገጠ፣ ለመግዛት ብቻ የተወሰነና ቤቱን መልሶ የመሸጥ ሥልጣን የሌለበት ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄዎችዎ። የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የተመለከተው ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው፤ ከሽያጩ በሚገኝ ጥቅም ላይ ያለው ግብር የሻጩ ግዴታ ነው። የግብር ሕጎች በቅርብ ጊዜ ስለተሻሻሉ ተመኑን በውሉ ቀን ያረጋግጡ። ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ቢሉዎት እምቢ ይበሉ፤ ነገር የተበላሸ ቀን ፍርድ ቤት የሚያስመልስልዎ የተጻፈውን ነው። ይህ ሁሉ ግን ካርታ ላለው የከተማ ቤት ነው፤ ለማሳው የሚከፈል የስም ማዛወሪያ የለም፣ የሚዛወር ስም የለምና።

አጥርን እስከ ውኃው ድረስ የማድረስ ነገር ከተማ ውስጥ ቢገዙም ይከተልዎታል። ደንበል ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ከመቂና ከካታር ወንዞች የሚገባለት ውኃና በቡልቡላ የሚወጣው፣ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ከሚሳበው ጋር ተደምሮ፣ ዳርቻውን ከወቅት ወደ ወቅት ያንቀሳቅሰዋል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውኃው ጥቂት ሲወርድ ብዙ መሬት ይገለጣል፤ ጥቂት ሲወጣም ብዙ መሬት ይዋጣል። ስለዚህ እስከ ውኃው ድረስ የሚል ወሰን የትኛው ዓመት ውኃ ድረስ እንደሆነ ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ ውኃው ሸሽቶ የተገለጠውን መሬት ደግሞ ሻጩ ሽንኩርት ስለተከለበት ብቻ የእሱ አይሆንም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ የውኃ አካላት ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከልም ሥልጣን ሰጥቷል። የሚገዙት ቦታ ከዚህ የዳርቻ ክልል ውጭ መሆኑን ከከተማው ፕላን ላይ ያረጋግጡ። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን የሚዘረጉበትንና ከብቶች ውኃ የሚጠጡበትን መንገድ አጥረው የሚዘጉ ከሆነ ደግሞ ሕግ እስኪደርስ ድረስ ሰፈርተኛው ቀድሞ ይደርሳል። የሰላም ኑሮ ፍለጋ የመጣ ሰው በዚህ ቢጀምር አይመከርም።

ዓሣን በተመለከተ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ለራስዎ ማዕድ ጥቂት ቆሮሶ ወይም አምባዛ በመንጠቆ ማጥመድ ከንግድ የተለየ ነው፤ ሆኖም ስለ መረብ ዓይነት፣ ስለ ወቅትና ስለ ጀልባ ክልሉ ሊያወጣ የሚችለው ደንብ ስላለ ከወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ጀልባዎን ለማኖርም የራስዎ ዳርቻ አያስፈልግዎትም፤ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ጋር ተስማምተው ከእነሱ ጀልባዎች ጎን ቢያኖሩት ጠባቂም ጓደኛም ያገኛሉ። ጉማሬ መኖሩን እነሱ ይነግሩዎታል፤ ውኃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ደግሞ ስለ ቢልሃርዚያ ሐኪም ይጠይቁ፤ ይህኛው የጠበቃ ምክር አይደለም። ከመግዛትዎ በፊትም በከተማው ቤት ተከራይተው ክረምትና በጋውን ቢያዩት ምንም አያጡም፤ የኪራይ ውልዎን ግን በጽሑፍ ያድርጉት።

በመጨረሻ ስለ ከፈሉት ገንዘብ። የጥር ወሩን ክፍያ አይላኩ። ደላላው ቀብዱ ይቀርብሃል ብሎ ያስፈራራዎት ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ ይመልሳል የሚለው ሊጸና ስለሚችል ውል ነው። ሕገ ወጥ ሆኖ የፈረሰ ውል ሲሆን መርሁ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት እንዲመለሱ ነው፤ ሻጩ የተቀበለውን ይመልሳል፣ እርስዎም የያዙት ነገር ካለ ይለቃሉ። ይህ በራሱ አይፈጸምም፤ መክፈልዎን ማስረዳት አለብዎ። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ካለ ቅጂውን ያውጡ። በእጅ የተሰጠ ከሆነ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተቀበለ፣ የት እንደነበርና ማን እንደነበረ አሁን ሳይረሳ ጽፈው ቀን ይጻፉበት። ከደላላውና ከሻጩ ጋር የተለዋወጡትን የስልክ መልእክት ሁሉ ሳያጠፉ ያስቀምጡ፤ በስልክ ሲነጋገሩም ቁጣን ትተው ስለ ተከፈለው መጠን በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ያድርጉ። የብድር ውሉ ከተፈረመ ደግሞ ለብቻው ለጠበቃዎ ያሳዩት፤ በእሱ ክስ መመሥረትና ውሉ ሕገ ወጥ ስለሆነ ገንዘቤ ይመለስ ማለት ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ የተሳሳተውን ቀድሞ መጀመር ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከክስ በፊት በሽማግሌ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል፤ እነዚያ ሦስት ሽማግሌዎች በእውነት የተከበሩ ከሆኑ የሚጠቅሙዎት ለዚህ ነው። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ገንዘቡም በባንክ ይመለስ።

ለጠበቃዎ ይዘው የሚቀርቡት እንግዲህ የፓስፖርትዎና የቢጫ ካርድዎ ቅጂ፣ የጋብቻ ወይም ያላገቡ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ሻጩ ወረቀት አለኝ ያለበት የደብተር ቅጂ በሁለቱም ገጽ፣ የቀበሌው የግብር ደረሰኝ፣ የተፈረሙና ያልተፈረሙ የውል ረቂቆች በሙሉ፣ የክፍያ ማስረጃዎችና የመልእክት ልውውጦች ናቸው። የደብተሩን ቅጂ ሻጩ አልሰጥም ካለ፣ ይህንንም በቀኑ ጽፈው ይያዙት።